ዝጊው ያልሽበት ገጽ

እማዬ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ ብጀምር ራስሽ ትስቂብኛለሽ፤ ስለዚህ ዘልዬዋለሁ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላን ነው። ሙት ዓመትሽ የፊታችን እሁድ ነው። አክስቴ ውቢት ከአሁኑ ሰው ስትጠራ፣ ድስት ስትዋስ ትውላለች። እኔ ደግሞ ካንቺ ጋር አንድ ያላለቀ ክርክር አለኝ። እሱን ሳልጨርስ መቃብርሽ ላይ ሻማ ይዤ እንደ ጨዋ ልጅ መቆም አልችልም። ታውቂኛለሽ፣ ክርክር ውስጤ ካደረ ያቃጥለኛል። «የኔ ክብሪት» ያልሽኝ ለዚሁ አይደል?

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ውቢት እኛ ጋ ገብታለች። አልጋሽ ላይ ግን አትተኛም፤ ታላቅ እህቷ ስለሆንሽ ነውር ይመስላታል መሰለኝ፣ ፍራሽ አንጥፋ ሳሎን ነው የምታድረው። እንደ ባጃጅ ነው የምታንኮራፋው። ፀጉር ቤቱ አለ። ወሎ ሰፈር መንገዱ ሲሰፋ በረንዳችንን ወሰዱት። አበቦችሽን ከነጣሳቸው ወደ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ አንዷ ብቻ ሞታለች፣ እሷንም ውሃ አብዝቼባት ነው። አሁን በሩን ስትከፍቺ ቀጥታ እግረኛ መንገዱ ላይ ነሽ። የታክሲ ረዳቱ «ቦሌ! ቦሌ!» ሲል ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ጭንቅላቷን የከተተች ሴት ሳትቀር ትሰማዋለች። ከአትላስ በኩል ይመጡ ከነበሩት ደንበኞችሽ አንዳንዶቹ ቀርተዋል። ያልቀሩት ግን ለፀጉሩ ብቻ እንዳይመስልሽ። ፀጉርማ እኔ ካንቺ እኩል የት አውቃለሁ። የሚመጡት ለንባቡ ነው።

ትምህርት ቤት አልተመለስኩም፤ እንዳትቆጪ። አስራ አንደኛ ክፍል ላይ ከአስተማሪው ጋር ተጨቃጭቄ ቦርሳዬን ይዤ የወጣሁ ቀን ትዝ ይልሻል? ትጮሂብኛለሽ ብዬ መልሴን ከታክሲው ጀምሬ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። አንቺ የአንዲት ሴትዮ ፀጉር በቢጎዲን እየጠቀለልሽ ነበር። ዞር ብለሽ እንኳ ሳታይኝ «እጅሽን ታጠቢ» አልሽኝ። ታጠብኩ። ከመሳቢያው ጠርዙን አይጥ የበላው ልብ ወለድ አስወጣሽኝና «ትምህርት ቤቱን ተውሽው፣ እሺ። ማንበቡን ግን አላስተውሽም። የኔ እጅ ስራ ላይ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ታነቢልናለሽ» አልሽ። መጽሐፉን ተቀብዬ ቁጭ አልኩ። አቦ፣ እንደዛ ተሸንፌ አላውቅም።

መጽሐፎችሽ ሁሉ አሮጌ ነበሩ። አዲስ ነገር ሳመጣልሽ ገለጥ ገለጥ ታደርጊና «ይሄ ገና ጥሬ ነው። ደራሲው ሞቶ እንኳ ሰው ያልተወውን መጽሐፍ አምጪልኝ» ትያለሽ። እኔ ደግሞ መጀመሪያ አካባቢ በጣም ነበር የሚደብረኝ። ፈረስ፣ ጋሪ፣ ስማቸው የማይያዝ ሰዎች፣ ሶስት ገጽ ሙሉ ስለ አንድ ኮት! ግን ያቺ ደንብሽ ያዘችኝ። ታሪኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ መንታ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ልናገር ወይስ ዝም ልበል፣ ልሽሽ ወይስ ልቁም የሚልበት ቦታ ላይ፣ እጅሽን ከሰው ፀጉር ሳታነሺ «ዝጊው!» ትያለሽ። ቤቱ ስምሽን በሚጠራ ጩኸት ይሞላል።

«ትርሲትዬ፣ በናትሽ አንድ ገጽ!»

«ኧረ ይሄ ግፍ ነው!»

አንቺ ወይ ፍንክች። «መጀመሪያ ፍረዱ። ይሄ ሰውዬ ጥሩ ሰው ነው፣ አይደለም? አሁን ምን ያደርጋል? ካነበበ በኋላማ ማንም ዳኛ ነው።» ሴቶቹ ፀጉራቸው አልቆ፣ ከፍለው፣ ነጠላቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ይከራከራሉ። ቀጣዩን ለመስማት የሚቀጥለው ሳምንት ይመጣሉ። ውቢት «ይቺ ደንበኛ መያዣዋ ናት» ትል ነበር። እኔም ነቄ ነኝ ብዬ አስብ ነበር። ለካ ነቄ አልነበርኩም።

የነጋዴውን መጽሐፍ እስከዛሬ አልረሳውም። ሰውዬው በየማለዳው ቤተክርስቲያን ደጃፍ ለነዳያን ዳቦ ያድላል። ቤቱ ሲገባ ግን የሰራተኛውን ልጅ እሳት ዳር እንዳትቀመጥ ያባርራታል። ወይዘሮ ብርቄ፣ ያቺ ባንክ የምትሰራው ደንበኛችን፣ ዳቦው ሲታደል ሰምታ ካስክ ውስጥ ገባች። የልጅቷ ነገር ሲነበብ ካስኩ ጆሮዋ ላይ እየጮኸ ነው፣ አልሰማችም። ቤቱ በሙሉ ነጋዴውን ሲረግም እሷ ከውስጥ ሆና፣ ራሷን ስለማትሰማ እንደ እድር ጡሩንባ እየጮኸች፣ «እንደዚህ ዓይነት ባል ነበር ለልጄ የምመኘው!» አለች። አጠገብሽ ሹሩባ የምትሰራው እልፌ ማበጠሪያዋ ከእጇ ወደቀ። ቤቱ በሳቅ ሞተ።

እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ጦፍኩ። «እትዬ ብርቄ፣ ሰውዬው አውሬ ነው!» ብዬ ካስኩን ላነሳባት ስል እጄን ያዝሽኝ። «ተያት። እሷ የሰማችው ዳቦውን ነው፤ በሰማችው ልክ ትክክል ናት። ሁላችንም እኮ ካስክ ውስጥ ነን፣ የኔ ክብሪት። ከሰው ሁሉ የሚደርሰን ግማሹ ነው።»

ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

እማ፣ አንቺ ስለ ጥሩ ሰው ታወሪያለሽ እንጂ ጥሩ ሰው ነኝ ብለሽ አታውቂም። እኔ ግን መጽሐፉን በአንድ ዓይኔ፣ አንቺን በሌላው ነበር የማየው። ያቺ ከላይኛው ፎቅ የምትመጣዋ የቤት ሰራተኛ ልጅ ወረፋዋ ደርሶ ልትታጠብ ስትል፣ የመኪና ቁልፍ በጣቷ የምታሽከረክር ሴትዮ ገብታ «እሷ ትቆይ፣ እኔ ቸኩያለሁ» ያለች ቀን አስታወስሽ? እኔ ብሆን ቁልፏን አስፋልቱ ላይ ነበር የምወረውረው። አንቺ ሳቅ ብለሽ፣ ፎጣውን በልጅቷ ትከሻ ላይ እያደረግሽ፣ «የኔ እመቤት፣ እዚህ ቤት ወረፋው የፀጉር ነው። ፀጉር ደግሞ ማን ቤት እንዳደረ አይናገርም» አልሻት። ሴትዮዋ ቁጭ ብላ ጠበቀች። በሚቀጥለው ሳምንትም መጣች! አንዷን ስታስከብሪ ሌላዋን ሳታዋርጂ። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደሚያደርጉት እስካሁን አልገባኝም።

ከሁሉም በላይ እርጋታሽ ያስቀናኝ ነበር። ሲያስቀናኝ ደግሞ ያበሳጨኛል። እንዴት ካንቺ ዓይነት ሰው ሆድ ክብሪት ይወጣል? ይሄ የኔ እሳት ከየት መጣ? እያልኩ ራሴን እንደ ጉዲፈቻ ልጅ የማይበት ቀን ነበር።

አሁን ወደ እልፌ ልምጣ።

እኔን በጀርባዋ አዝላ ሹሩባ የሰራች ሴት ናት። አንቺና እሷ አንድ መስታወት ፊት አረጃችሁ። ከዛ አንድ ቀን እቃ ልገዛ መገናኛ ሄጄ ስመለስ ወንበሯ ባዶ ነው፣ ማበጠሪያዎቿ የሉም። «የት ሄደች?» አልኩሽ። «ሄደች» አልሽኝ። በቃ። የያዝሻትን ደንበኛ ፀጉር ማጠብሽን ቀጠልሽ። በኋላ ገርጂ የራሷን ፀጉር ቤት እንደከፈተች፣ ደንበኞቻችንም ወደሷ እንደሄዱ ሰማን። «ከሃዲ!» ብዬ ስጀምር «ስሟን እዚህ ቤት በክፉ አታንሺ» አልሽኝ። እኔም በሆዴ፣ እናቴ ቅድስት ናት፣ አልኩ።

ክረምት ሲገባ ታመምሽ። ሆስፒታል ከመግባትሽ በፊት የነበረው ቅዳሜ መድኃኒት ልግዛ ብለሽ ወጥተሽ፣ ዝናብ አበስብሶሽ፣ ባዶ እጅሽን ተመለስሽ። እንዴት እንደጮህኩብሽ! አንቺ ልብስሽን ቀየርሽና ተኛሽ። በማግስቱ እሁድ፣ ከሰዓት በኋላ፣ «ያንን ሽፋን የሌለውን አምጪና አንብቢልኝ» አልሽኝ። ደንበኛ የለ፣ ካስክ የለ፣ እኔና አንቺ ብቻ።

የመጽሐፉን ስም እንኳ አናውቀውም። የሆነ ብርዳም ሀገር ያለ ዶክተር ነው። ድሃ በነጻ ያክማል፣ በበረዶ ሌሊት በእግሩ ይሄዳል፣ መንደሩ በሙሉ በስሙ ይምላል። አንድ ጊዜ ግን ተናዶ ለታናሽ ወንድሙ «ደጄን እንዳትረግጥ» ብሎታል። ወንድሙም አልረገጠም። እዛው መንደር፣ ጭሳቸው እየተያየ፣ ዓመታት አለፉ። ዶክተሩ አረጀ። አንድ ቀን ወደ ወንድሙ ቤት ሄደ፣ በሩ ጋ ደረሰ፣ ሊያንኳኳ እጁን አነሳ።

«ዝጊው» አልሽኝ። ድምፅሽ ቀስ ያለ ነበር።

«ጥሩ ሰው ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እኔ መቼም አፌ አያርፍም። «ለሰው ሁሉ ጥሩ ሆኖ ወንድሙን በአንድ ቃል ቀብሮታል። ግማሽ ጥሩ ሰው ነው» አልኩ።

ፊትሽን ወደ ጣሪያው አዞርሽ። ከዛ «ግማሽ ይበቃል?» አልሽ።

«ነገ እንከራከራለን» አልኩሽ፣ ገጹን አጠፍኩት። በነጋታው ሆስፒታል ገባሽ። እዛ ደግሞ ክርክር የለም፤ ግሉኮስ ብቻ ነው ያለው።

ለቅሶሽ ላይ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ስለ ፍሳሽ ውሃ ስትጨቃጨቁ የኖራችሁት የጎረቤት ሱቅ ባለቤት መጣ። የመኪና ቁልፏ ሴትዮ መጣች፣ ያቺ የላይኛው ፎቅ ልጅም መጣች፤ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲያለቅሱ አየኋቸው። እልፌ ግን የለችም። በቀብር የለች፣ በሳልስት የለች፣ በአርባ የለች። ሰርግ የቀረ ሰው ይረሳል፤ ለቅሶ የቀረ ግን እንዴት ይረሳል? ውቢት ከንፈሯን ነክሳ «ያልደረሰችልንን አንደርስላትም» አለች። እኔ ደግሞ ከሷ በላይ ማልኩ።

ባለፈው ወር ምን ሆነ መሰለሽ። ወይዘሮ ብርቄ ካስክ ውስጥ ናት። ስልኳን እያየች፣ እንደለመደችው ራሷን ሳትሰማ፣ «የእልፌ እናት አርፈው ትናንት ተቀበሩ እኮ! አልሰማችሁም?» ብላ ጮኸች። ውቢት ፎጣ እያጠፈች «ነፍስ ይማር። እኛን አይመለከተንም» አለች። እኔም የያዝኩትን ፀጉር ማበጠሬን ቀጠልኩ። ሴቶቹ ነገሩን ለማለፍ ይሁን ጨንቋቸው እንጃ «እስቲ ንባቡን ቀጥይ» አሉኝ። መሳቢያውን ስከፍት እጄ ላይ የመጣው ሽፋን የሌለው መጽሐፍ ነው። ካንቺ በኋላ ነክቼው አላውቅም። የታጠፈችዋን ገጽ አልገለጥኳትም፤ ታሪኩን በቃሌ ነገርኳቸው፣ እጁን እስኪያነሳ ድረስ። ከዛ እንዳንቺ «ፍረዱ» አልኩ።

«አያንኳኳም» አለች ብርቄ፣ ካስኩን አውልቃ። «ወንድ ነው፣ ኩራቱ ይገድለዋል።»

«ደክሞታል፣ ይመለሳል» አለች ሌላዋ።

«አንቺስ፣ ክብሪት?»

«ያንኳኳል!» አልኩ። ጮህኩ ብልሽ ይሻላል። «ካላንኳኳ ደራሲውን ከመቃብሩ ቀስቅሼ ነው የምጣላው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ያ የገዛ አፌ የተናገረው ነገር ወደ ራሴ ዞረብኝ። ብርዳም ሀገር ያለን ሽማግሌ አንኳኳ ብዬ ጮኼ፣ እኔ ገርጂ ድረስ ታክሲ መያዝ አቅቶኛል። ሼም ነው። በማግስቱ ሳልስቱ ነበር። ውቢትን «ነጠላሽን አምጪ» አልኳት። «ለምን?» አለች። «ልንደርስ» አልኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ የራሷንም የኔንም ይዛ መጣች። ለካ እሷም ሰው እስኪቀድማት ነበር የምትጠብቀው።

ድንኳኑ ውስጥ እልፌ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች፣ እንባዋ አልቆ ዓይኗ ብቻ ነው የቀረው። እኔን ስታይ ተነሳች። እንዳቀፈችኝ «ትርሲቴ! ትርሲቴ! ሳልቀብርሽ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ግራ ገባው፤ የእናቷ ስም ትርሲት አይደለማ። ሰው በሰው ድንኳን የራሱን ሙት እንደሚያለቅስ አውቃለሁ። በገዛ እናቷ ድንኳን የሰው ሙት ስታለቅስ ያየሁት ግን እልፌን ብቻ ነው።

ሲረጋጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ነገረችኝ። የራሷን ፀጉር ቤት ልትከፍት ስትል አንቺን መንገር ፈርታ ከረመች። «ልትሄጂ ነው?» ብለሽ ጠየቅሻት፣ የለም አለችሽ። ደግመሽ ጠየቅሻት፣ ደግማ የለም አለችሽ። ከዛ ከደንበኛ አፍ ሰማሽ። እኔ መገናኛ እቃ እየገዛሁ፣ አንቺ ማበጠሪያሽን መስታወቱ ላይ ወርውረሽ «ሂጂ! ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ!» አልሻት።

እማ! አንቺ? ማበጠሪያ ወረወርሽ?

ያቺ የመስታወታችን ጥግ ላይ ያለች ስንጥቅ «እቃ ወድቆ ነው» ያልሽኝ! አልዋሽሽም፣ ድንኳን ውስጥ ሆኜ፣ ሰው እያለቀሰ፣ ልስቅ ደረስኩ። የክብሪቱ ሳጥን የት እንደነበር ያወቅኩት ያኔ ነው።

ግን ቃሉ ከባድ ነው። ሌላ ስድብ ይረሳል፣ ይሄኛው ግን የተናገረው ሰው ሲሞት ነው ስራውን የሚጀምረው። እልፌ «በቁሟ ዋሸኋት። ስትሞት ደግሞ ቃሏን ጥሼ መቃብሯ ላይ ብቆም ሁለተኛ መናቅ መሰለኝ» አለችኝ። በቀብርሽ ቀን ከቤተክርስቲያኑ አጥር ውጪ ቆማ ነበር፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ እስኪያልቅ። እኔ ውስጥ ሆኜ «አልመጣችም» እያልኩ ስቆጥርባት እሷ ከግንቡ ማዶ ነበረች። እውነትሽን ነው፣ ካስክ ውስጥ ነበርኩ።

የመጨረሻውን ልንገርሽ፣ ምንም እንኳ ከኔ በላይ ብታውቂውም። «ሆስፒታል ከመግባቷ በፊት ቅዳሜ ዕለት ፀጉር ቤቴ ድረስ መጥታ ነበር» አለችኝ። «ከመንገዱ ማዶ፣ ዝናብ ላይ ቆማ አየኋት። እጇን አነሳች። ልወጣ ወደ በሩ ስሮጥ ታክሲ መሀላችን መጥቶ ቆመ። ሲነሳ የለችም። ልትጠራኝ ይሁን ልትሰናበተኝ እስከዛሬ አላውቅም።»

መድኃኒት ልትገዢ አልነበረም የወጣሽው። በማግስቱ ያስነበብሽኝም ስለ ዶክተሩ አልነበረም። «ግማሽ ይበቃል?» ያልሽኝ ስለ ራስሽ ነበር፣ አይደል?

እንግዲህ ነገ እንከራከራለን ያልኩሽ ነገ ዛሬ ነው። ስሚኝ። ግማሽ ያልኩትን አንስቻለሁ። ባነበብኩልሽ መጽሐፍ ሁሉ ተቆጥተው የማያውቁት ሰዎች ስማቸውም ትዝ አይለኝም፤ አንቺም አልወደድሻቸውም፣ ስማቸው ሲነሳ ታዛጊ ነበር። ክፉ ቃል ከማንም አፍ ይወጣል። ጥሩ ሰው የወጣው ቃል እንቅልፍ የሚነሳው ነው። አንቺ ከህመም አልጋ ተነስተሽ፣ ለማንም ሳትናገሪ፣ ዝናብ ላይ ሄደሽ ቆምሽ። እልፌም ያንቺን ቃል ለማክበር ሀገር ሁሉ ሲያማት ቻለችው። ሁለታችሁም ሙሉ ናችሁ። የጎደለችው ያቺ አስፋልት ብቻ ናት፤ እሷን እኔ ተሻግሬልሻለሁ።

እልፌ «አንቺ ልጇ ነሽ፤ ቃሏን አንሺልኝ» አለችኝ። እዛው ድንኳን፣ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት፣ በስምሽ አነሳሁት። «ሙት ዓመቷ ላይ ትቆሚያለሽ» አልኳት። ውቢት አለቀሰች፣ አለቀሰችና ታክሲ ውስጥ ስንገባ «እንግዲህ ወጡን መጨመር ሊኖርብኝ ነው» ብላ አጉረመረመች።

እሁድ እልፌን እጇን ይዤ አመጣልሻለሁ። ከአጥሩ ውጪ አይደለም፤ እራስጌሽ ጋ። ሽፋን የሌለውንም መጽሐፍ ይዤ እመጣለሁ። ያቺን የታጠፈች ገጽ እስካሁን አልገለጥኳትም፣ ደንብሽን አክብሬ መጀመሪያ ፈርጃለሁ። ከእንግዲህ በሰው ላይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ያንቺ «ዝጊው» ጆሮዬ ላይ እንዲጮህ ነው የምፈልገው። እሱን ከረሳሁ አንቺን ረሳሁ ማለት ነው፤ አልረሳም።

እሁድ ግን እንዳትቀየሚኝ፣ «ዝጊው» ብትዪም አልዘጋውም። ለሁለታችሁም እስከ መጨረሻው አነብላችኋለሁ።

ልጅሽ፣
ክብሪት